አልጋ ላይ የዋለ አልጋ

ስለ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወራ ሁላችንም የምናነሣው ያችን ቮልስዋገን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱባት ትንሽ መኪና የዘመን ማብቂያ ምልክት ሆና ቀርታለች። በዚያው ዕለት የተነገረው አዋጅ ግን ብዙ ሰው የዘነጋው ሌላ ቃል ነበረበት። ደርግ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ማውረዱን ባስታወቀበት አንደበት፣ ልጃቸው መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ንጉሥ እንደሚሆኑ፣ የዘውዱም በዓል እርሳቸው በሕክምና ላይ ካሉበት ከውጭ አገር ሲመለሱ እንደሚፈጸም አወጀ።

አንባቢ ይህን ቃል ቆም ብሎ ይመልከተው። ሦስት ሺህ ዘመን ኖረ የሚባለው ዘውድ፣ ለስድስት ወራት ያህል፣ አንድ የ58 ዓመት ሰው ከአልጋው ተነሥቶ መራመድ መቻል አለመቻሉ ላይ ተንጠለጠለ። አልጋ ወራሹን በጥር 1965 ዓ.ም. ከባድ ስትሮክ መትቷቸው ወደ ለንደን ተወስደዋል። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ፣ እግራቸው አልሄድ፣ አንደበታቸውም እንደ ልብ አልፈታ ብሎ ነበር። ደርጎች ይህን አያውቁም ነበር ማለት ያስቸግራል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከነሕመማቸው የተመረጡት በሕመማቸው ምክንያት ነው። የማይራመድ ንጉሥ ለሚራመድ ወታደር ይመቻል።

በአዋጁ ውስጥ የተጠሩበት ማዕረግም የራሱ ታሪክ አለው። መርዕድ አዝማች የሚባለው ስም የመጣው ከይፋት ጋር በተያያዘ ታሪክ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያኖች የፈለፈሉትን የጣርማ በር ዋሻ ሲሻገር፣ ብርዱን ከኋላው ትቶ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት። ጆሮ ይደፈናል፣ ካፖርት ይወልቃል፤ ማሽላውና ማሾው፣ ሽንኩርቱና ማንጎው መታየት ይጀምራል። የይፋት ቆላ ይህ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የሸዋ መሳፍንት አምኃ ኢየሱስና ልጁ አስፋ ወሰን ከገደሉ አፋፍ አንኮበር ላይ ተቀምጠው ይህን ቆላ ቁልቁል እያዩ ይገዙ በነበረበት ዘመን የሚጠሩበት ማዕረግ መርዕድ አዝማች ነበር፤ ጠላቱን የሚያንቀጠቅጥ የጦር መሪ ማለት ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ አልጋ ወራሽ ሲባሉ ይኸው ማዕረግ ተሰጣቸው። ስማቸውም የዚያው የጥንቱ መስፍን ስም ነው። በ1981 ዓ.ም. በስደት ሳሉ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲታወጁ የወሰዱት «አምኃ ሥላሴ» የሚለው ስም እንኳ የአንኮበሩን አምኃ ያስታውሳል። የወሎ ጠቅላይ ገዥ ተብለው በኖሩባቸው ዓመታትም ወደ ደሴ የሚያደርሰው አውራ መንገድ ይኸው በሸዋ ሮቢት በኩል የሚያልፈው ነው።

ይፋትን የማነሣው ለማዕረጉ ብቻ አይደለም። አልጋ ወራሹን የመታው በሽታ ዛሬ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ገበሬውንም ነጋዴውንም፣ ሾፌሩንም ባልቴቷንም እየመታ ነው። ሊያነሣቸው የሚችለው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን መጀመሪያ በቤተ መንግሥት የሆነውን ማየት ይጠቅማል። ድሀው የሚያደርገውን ያደረጉ፣ ድሀው የሚሳሳተውንም የተሳሳቱ ነገሥታት ነበሩንና።

በቋንቋችን አልጋ ሁለት ነገር ነው። ሰው ይተኛበታል፤ ንጉሥ ይቀመጥበታል። አልጋ ወራሽ ማለት ዙፋን ወራሽ ነው፤ አልጋ ላይ ዋለ ማለት ደግሞ ታመመ፣ ተሸነፈ ማለት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ሰው ላይ የተገናኙበት ትልቁ ታሪካችን የዐፄ ምኒልክ ነው።

ዐፄ ምኒልክን ሕመሙ አንድ ጊዜ መትቶ አልጣላቸውም። በ1900 ዓ.ም. ከመታቸው ከባድ ሕመም በኋላ ደብረ ሊባኖስ ወርደው ጸበል ተጠመቁ፤ ፍል ውኃም ሞከሩ። የውጭ አገር ሐኪሞችም ነበሩ። ከሐኪሞቹ አንዱ፣ ሽታይንኩለር የሚባለው ጀርመናዊ፣ ንጉሡ መርዝ ሳይሰጣቸው አይቀርም ብሎ ቤተ መንግሥቱን አመሰው፤ በመጨረሻም ተጣልቶ ሄደ። በሽታ በነገሥታት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ይደረግ?» ሳይሆን «ማን አደረገው?» ነው።

ታሪክ ጸሐፊዎቻችን የሚያልፉት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ንጉሡ ከመጀመሪያዎቹ ምቶች በኋላ አገግመው ነበር። እንደ ቀድሞው ባይሆንም ሰው ማነጋገር፣ ነገር መስማት፣ መወሰን ችለው ነበር። የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ እንዲሆን በግንቦት 1901 ዓ.ም. የቆረጡት በዚህ የማገገሚያ ጊዜ ውስጥ ነው። በመቶ ዓመቱ ውስጥ እጅግ ከባድ ከነበሩት ውሳኔዎች አንዱ የወጣው ከሕመም ገና በመነሣት ላይ ከነበረ ሰው አፍ ነው ማለት ነው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን ትልቁ ምት መጣ። ሰውነታቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ፣ ከአራት ዓመት በላይ፣ አልጋው ላይ ዋሉ።

እነዚህ አራት ዓመታት በመጻሕፍቶቻችን ውስጥ የሴራ ዓመታት ናቸው። እቴጌ ጣይቱ በባላቸው ስም ያዛሉ፤ መኳንንቱ ያጉረመርማሉ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ ተደርጎ ባላቸውን እንዲያስታምሙ ይነገራቸዋል። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ይሞታሉ፤ ወጣቱ ኢያሱ ያለ ሞግዚት ይቀራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከሴራው ማዶ፣ በመጋረጃው ውስጥ፣ አንድ የማይናገር ሰውና አንዲት የምታስታምም ሚስት ነበሩ። «ባልሽን አስታሚ» የተባለው ለጣይቱ እንደ ሽረት፣ እንደ ውርደት ነው። ማስታመም ራሱ ሥራ ነው፣ ምናልባትም በዚያ ግቢ ውስጥ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ያለ አይመስልም። ለአራት ዓመት አንድን ከባድ ሰው ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ በትንሽ በትንሹ ማጉረስ፣ ዓይኑን አይቶ ፍላጎቱን መረዳት ምን እንደሚጠይቅ በቤቱ የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ አሽከር ሞልቷል። ውኃ የሚያቀርብ፣ የሚያጎርስ፣ ዝንብ የሚከላከል፣ ደግፎ የሚያነሣ አለ። ንጉሡ ራሳቸው ማንኪያውን እንዲያነሡ፣ ቢወድቅባቸውም መልሰው እንዲሞክሩ ማድረግ የሚችል ግን ማን ነው? ክብር ይከለክላል። ንጉሥ ሲንገዳገድ አይታይም፤ ሲኮላተፍ አይሰማም። ስለዚህ መጋረጃ ይወርዳል። ከስትሮክ መነሣት ደግሞ፣ ዛሬ እንደምናውቀው፣ ሰው ፊት መንገዳገድን የግድ ይፈልጋል። መጋረጃው የንጉሡን ክብር ጠብቆ ሰውየውን ገደበው። ሞታቸው እንኳ በአዋጅ ሳይነገር፣ ሕዝቡ በይፋ ሳያለቅስላቸው ቀረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገራችን ሰው፤ ያን ጊዜ የተደበቀው በሽታው ብቻ ሳይሆን በሽተኛውም ጭምር ነበር።

እውነቱን ለመናገር የዚያን ጊዜ አውሮፓም ከዚህ የተሻለ ብዙ አልነበረውም። ለስትሮክ የሚታዘዘው ዋና መድኃኒት ዕረፍት ነበር። መደበቁም የኛ ብቻ አልነበረም። ምኒልክ በወደቁ ልክ በአሥር ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1919፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን በስትሮክ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ። ባለቤታቸው ኢዲት በሩን ይዘው ማን እንደሚገባ፣ የትኛው ወረቀት እንደሚቀርብ ይወስኑ ነበር፤ የአሜሪካ ሕዝብም መሪው ምን እንደሆነ በትክክል ሳይነገረው ኖረ። ጣይቱን «ሥልጣን የጠማቸው ሴት» ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ ኢዲት ዊልሰንን አጠገባቸው አስቀምጦ ቢያይ ምናልባት ብዕሩ ትንሽ ይለዝብ ነበር።

የሌኒን ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1923 ሦስተኛው ምት ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ወሰደው። ሚስቱ ክሩፕስካያ በሙያዋ የትምህርት ሰው ነበረችና፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ሕፃን ከፊቱ ተቀምጣ ቃላት ታስጠናው፣ በግራ እጁ መጻፍ ታለማምደው ጀመር። በዚያው ዓመት መከር በምርኩዝ ይራመድ ነበር። በሚቀጥለው ጥር ሌላ ምት መጥቶ ገደለው እንጂ፣ በእነዚያ ጥቂት ወራት የታየው ለውጥ ተራ ነገር አልነበረም። ጣይቱም ክሩፕስካያም አስታማሚዎች ናቸው። አንደኛዋ ግን ዙፋን እያስጠበቀች ታስታምማለች፤ ሌላዋ ታስተምራለች።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ፓስተር ነው። አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ «ፓስተር» የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ የለም፤ ስሙ የመጣው በዚያ ከተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ስሙን በየቀኑ በታክሲ ከሚጠራው ሰው ስንቱ ያውቅ ይሆን፣ ሉዊ ፓስተር ትልልቅ ሥራዎቹን የሠራው ከስትሮክ በኋላ መሆኑን? እ.ኤ.አ. በ1868፣ ገና በ45 ዓመቱ፣ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። እግሩን እየጎተተ፣ ግራ እጁ እንደተጨበጠ ቀሪ ዘመኑን ኖረ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው በ1885 ነው፤ ከምቱ 17 ዓመት በኋላ። እጁ የማይችለውን ረዳቶቹ ይሠሩለት ነበር። ፓስተር አልዳነም፤ አልሞተምም። በመካከል ባለው ቦታ ላይ 27 ዓመት ኖረ፤ ከእብድ ውሻ ንክሻ የዳነ ሰው ሁሉ የዚያ ቦታ ፍሬ ነው።

ለውጡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ማርጆሪ ዋረን የምትባል ሐኪም ለንደን ዳርቻ ባለ ሆስፒታል 714 አልጋ ያለበት የድሆች መጦሪያ ተረከበች። ሽባ ሆነው ለዓመታት ከአልጋ ሳይነሡ የኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሞልተውበታል። ዋረን መጀመሪያ ያደረገችው መድኃኒት ማዘዝ አልነበረም። ክፍሉን በቀለም አስዋበች፤ ሰዎቹን አስነሥታ አስቀመጠች፤ ከአልጋው ጠርዝ እግራቸውን አስረገጠች፤ ልብስ አስለበሰች። ብዙዎቹ መራመድ ጀመሩ፤ ወደ ቤታቸው የተመለሱም ነበሩ። እነዚያን ሰዎች ካሰረው ነገር ገሚሱ በሽታው ሳይሆን አልጋው ነበር። ሌላው እንግሊዛዊ ሐኪም ሪቻርድ አሸር እ.ኤ.አ. በ1947 አልጋ ላይ መዋል የሚያመጣውን ጉዳት ዘርዝሮ ጻፈ፤ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ቆዳ ይቆስላል፣ ሳንባ ይታፈናል፣ ልብም ይሰበራል።

የሕክምናው ሰዎች የደረሱበት ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በስትሮክ ጊዜ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም በረጋ ደም ይዘጋል ወይም ሥሩ ፈንድቶ ይፈስሳል። የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሣም። በዙሪያው ያለው ግን ሥራውን ሊማርለት ይችላል፤ የሚማረውም እንደ ማንኛውም ተማሪ በመደጋገም ነው። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይታያል፤ ከዚያም በኋላ እያዘገመ ይቀጥላል። ቀኝ ጎን ሲያዝ አንደበት አብሮ የሚያዘው ለአብዛኛው ሰው የቋንቋ ቦታው በግራው አንጎል ስለሆነ ነው። አንደበት የተያዘበት ሰው አእምሮውን አጣ ማለት እንዳልሆነም ታውቋል።

የኛ አልጋ ወራሽ በ1965 ዓ.ም. ለንደን ሲደርሱ ይህ ሁሉ ታውቆ ያደረ ነገር ነበር። ከምኒልክ የሚለያቸውም ይኸው ነው። አገር ቤት ግን ሰው የሚያስበው እንደ ምኒልክ ዘመን ነበር። አባት የ80 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ልጅ ወድቋል፤ ወሎ በዚያው ዓመት በረሃብ እየረገፈ ነው። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦክስፎርድ ይማር የነበረውን የልጅ ልጃቸውን ዘርዓ ያዕቆብን ተጠባባቂ ወራሽ አደረጉ። ለመንግሥት ይህ ተገቢ እርምጃ ነው። ትርጉሙ ግን ሰውየው ከእንግዲህ አይቆጠርም ነበር።

ሰውየው ግን ነበረ። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ በሬዲዮ የተሰማው ድምፅ የእርሳቸው ነበር፤ የአማጽያኑን መግለጫ ያነበቡት በግድ ነው፣ በውድ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ያ ድምፅ ከ12 ዓመት በኋላ ተያዘ። ሆኖም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣኖችን ሲረሽን፣ «የዘውድ በዓልዎ ይጠብቅዎታል» የተባሉት እኒህ ሕሙም ግድያውን በይፋ አወገዙ። ገና ተደግፎ ለሚነሣ ሰው ቀላል እርምጃ አይደለም። በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ራሱ ተሻረ። በ1969 ዓ.ም. ታላቅ ልጃቸው ልዕልት እጅጋየሁ በእስር ላይ እንዳለች ሞተች። ከለንደን በኋላ ኑሯቸው ወደ አሜሪካ ቨርጂኒያ ተዛወረ። ያረፉት ጥር 9 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው፤ በ80 ዓመታቸው፣ ስትሮኩ በመታቸው በ24 ዓመታቸው። አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። «ሲመለሱ» የሚለው የአዋጁ ቃል እንዲህ ሆኖ ተፈጸመ።

ሃያ አራት ዓመት! ዐፄ ምኒልክ ከአድዋ ድል በኋላ ከኖሩት ይበልጣል። ይህን ሁሉ ዘመን ታሪካችን «ሽባ ሆነው በስደት ኖሩ» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያሳልፈዋል። ሰው ወይ ይነግሣል ወይ ይሞታል፤ ወይ ይድናል ወይ ይቀበራል። ፓስተር የኖረበት ያ መካከለኛ ቦታ በታሪክ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ የለም።

በይፋትም ቤቶች ውስጥ ያ ቦታ አልተለመደም። አንድ አባወራ ጧት ማሳው ሊወርድ ሲነሣ አፉ ይጣመማል፣ አንድ እጁ ይንጠለጠላል፣ ቃሉ ይተሳሰራል። ምች ነው፣ መጋኛ ነው፣ ለከፋ ነው ይባላል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ለዓመታት ሳይታወቅ የኖረ ደም ብዛት ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም በስትሮክ የሚመጡት ሰዎች ከአውሮፓውያኑ ይልቅ በዕድሜ ወጣት መሆናቸውን ያሳያሉ፤ ልጆቻቸውን አሳድገው ያልጨረሱ ሰዎች ማለት ነው። ክርስቲያኑ ሸንኮራ ዮሐንስን የመሰለ ጸበል ይዞ ይሄዳል፤ እስላሙ ዱዓ ያስደርጋል፤ በይፋት እንደ ልማዱ አንዱ በሌላው ደጅ መቅረቱም አይቀርም። በዚህ የምሣለቅ ሰው አይደለሁም። እንዲያውም ጸበሉ ሳይታሰብ የሚሠራው አንድ መልካም ነገር አለ፤ ሕሙሙን ከአልጋው አስነሥቶ፣ ሰው መሃል አውጥቶ፣ መንገድ ያስጀምረዋል። በዐቢይ ጾም የሚታሰበው መጻጉዕ 38 ዓመት አልጋው ላይ ከኖረ በኋላ የታዘዘው አልጋውን ራሱ ተሸክሞ እንዲሄድ እንጂ ሰው እንዲሸከምለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ችግሩ ከጸበሉ መልስ ነው። ሕሙሙ ቤት ሲገባ የቤተሰቡ ፍቅር ይጀምራል። ተኛ፣ አትነሣ፣ አትድከም። ልጅ ያጎርሳል፤ ሚስት ታለብሳለች፤ ጎረቤት ቡና እየጠጣ «እግዜር ይማርህ»፣ «አፊያ ያርግህ» ይላል። እርሱ አንድ ቃል ለማውጣት ሲታገል ሌላው ፈጥኖ ይጨርስለታል። ጠፍር አልጋው መሃሉ ረግቦ ሰውነቱን ይውጠዋል። ምኒልክን የከበበው ፍቅርና ክብር ይኸው ነው፤ የመጋረጃው ጨርቅ ነው የተለየው። የእንግዳ ድምፅ ሲሰማ ሕሙሙን ወደ ጓዳ የሚያስገባ ቤትም አለ፤ አባት እንዲህ ሆኖ እንዳይታይ።

የሕክምናው መንገድም ሩቅ ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አካል የሚያለማምድ ባለሙያ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ያንኑ የጣርማ በር ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ፣ አለዚያም በሰሜን ደሴ መድረስ ያስፈልጋል። ለአንድ ቀን ቢሆን ቤተሰብ ይቸገራል እንጂ ይወጣዋል። ይህ ግን የአንድ ቀን ሕክምና አይደለም፤ የወራት ነው። አገራችን በተሐድሶ ሕክምና ያላት ልምድም ያደገው በሌላ በኩል ነው። የቼሻየር ድርጅት በ1950ዎቹ ሥራ ሲጀምር ዓይኑ በፖሊዮ በተጎዱ ሕፃናት ላይ ነበር። በደርግ ዘመን የተቋቋመው ጀግኖች አምባ በጦርነት አካላቸውን ላጡ ወታደሮች ነው። በየከተማው የተከፈቱት የሰው ሠራሽ እግር መሥሪያዎችም የጦርነት ልጆች ናቸው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ምን እንደጎደለው ይታያል፤ ለጎደለውም ምትክ ይሠራለታል። በስትሮክ የተያዘ ሰው እግሩ እዚያው አለ፤ የጎደለው አይታይም። ስለዚህ ተራው የደረሰው በመጨረሻ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ማሠልጠኑ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚሠለጥኑት ግን ከሚፈለገው ጋር አይመጣጠኑም።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ጤነኛ ልጅ ታዝሎ ይሄዳል፤ ከብት ይነዳል። አልጋ ላይ የዋለ አባት ያለበት ቤት በዚያን ሌሊት ምን ተመካክሮ እንደሆነ ማሰብ ለማንም አይከብድም።

እንግዲህ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ቤት ውስጥ የሚሠራው ብዙ ነው፤ ማርጆሪ ዋረን የጀመረችውም በማሽን አልነበረም። ሐኪም አይቶት ከረጋ በኋላ ሕሙሙን ከአልጋው ጠርዝ አስቀምጦ ሁለት እግሩን መሬት ማስረገጥ፣ ዛሬ ለአምስት ደቂቃ፣ ነገ ለአሥር። የተያዘውን ክንድ ይዞ አለመጎተት፤ ትከሻው ይወልቃልና። ቀና ብሎ ሳይቀመጥ ምግብ አለማጉረስ፤ ትን ብሎት ሳንባው ይገባልና። ሲኒውን ከጤነኛው እጅ በኩል ሳይሆን ከደካማው በኩል ማስቀመጥ፤ ቡናው ቢፈስም። የደም ብዛት ኪኒን ተሻለኝ ብሎ አለማቋረጥ፤ ሁለተኛውን ምት የሚጠራው ይህ ነው። ስሙን መጥራት የማይችል ሰው አብሮት የሚደግም ካገኘ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ወይም ፋቲሓን እስከ መጨረሻው የሚያደርስበት ጊዜ አለ፤ በልጅነት በቃል የተያዘ ነገር በአንጎል ውስጥ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲያይ ተአምር ይለውና እዚያ ላይ ያቆማል። ከዚያ ላይ ግን መጀመር ይቻላል፤ ከጸሎቱ አንድ ቃል፣ ከዚያ ሌላ ቃል፣ ከዚያ «ውኃ»፣ ከዚያ የልጅ ስም።

በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሰው ማታ ማታ ደጅ ነው የሚቀመጠው። ከጓዳው አልጋ እስከ ደጃፉ በርጩማ ድረስ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።